እባብ ያየ በልጥ በረየ፦ የለመደ ሐሳብ በቡድሂዝም ዓይን

ለጓደኛዬ መልእክት ላክሁ። ታየ። ምልክቷ ሰማያዊ ሆነች። መልስ ግን የለም።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት። በሦስተኛው ላይ ሥራዬን ትቼ ችሎት ተቀምጫለሁ። ከሳሽም ዳኛም እኔው ነኝ። «ሆን ብሎ ነው። ባለፈው ያልኩት ነገር ከንክኖታል። ድሮስ መቼ ሳይፈልገኝ ደውሎ ያውቃል?» ከዚያ የስምንት ዓመት መዝገብ ተገለጠ። ከእሱ ወደ ሌላ ጓደኛ፣ ከሌላው ጓደኛ ወደ ጠቅላላው የሰው ልጅ ተሻገርኩ። «ሰው እንዲህ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ማታ ላይ ደወለ። ለካ ልጁ ስልኩን ይዞ ሲጫወት መልእክቱን ከፍቶት ኖሯል። ጓደኛዬ ጭራሽ አላየውም።

ታዲያ ያን ከሰዓት ማን አበላሸብኝ? ጓደኛዬ ምንም አላደረገም። ልጁም አላጠፋም። ንዴቱ ግን የምር ንዴት ነበር። ደረቴ ግሏል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ አንድ መስመር ሥራ አልሠራሁም። ያልተፈጸመ በደል ተበድዬ ዋልኩ።

ቡድሂዝም ሐሳብና ልማድ ላይ ያለው ትምህርት የሚያተኩረው እንዲህ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ስለ ጽንፈ ዓለም አፈጣጠር ከሚለው ይልቅ ስለዚች የሚለው ይበዛል ብል ብዙ የተጋነነ አይመስለኝም።

ሲድሃርታ ጎታማ፣ ኋላ ቡድሃ ማለትም «የነቃው» የተባለው መምህር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ በሰሜን ሕንድ እየተዘዋወረ አስተማረ። ትምህርቱ ለብዙ ትውልድ በቃል ሲወርድ ቆየ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በስሪላንካ፣ በፓሊ ቋንቋ፣ በጽሑፍ ሰፈረ። በዚያ ትልቅ ስብስብ ውስጥ ቡድሃ ስለ ራሱ የሚያወራበት አንድ ቦታ አለ። ገና ሳልነቃ ሐሳቦቼን በሁለት ወገን ለየኋቸው ይላል። በአንድ ወገን ምኞት፣ ጥላቻና ሌላውን የመጉዳት ሐሳብ። በሌላው ወገን እነዚህን የሚለቁ ሐሳቦች። ከዚያ እያንዳንዱ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ተመለከተ። የደረሰበት ነገር አጭር ነው፦ ሰው ደጋግሞ የሚያስበውና የሚያብሰለስለው ነገር የአእምሮው ዝንባሌ ይሆናል።

«ዝንባሌ» የምትለዋን ቃል እንያዛት። ክፉ ካሰብክ ትቀጣለህ አላለም። መሬቱ ያዘነብላል ነው ያለው። መሬቱ ካዘነበለ በኋላ ውሃውን ማንም መግፋት የለበትም፤ ራሱ ይወርዳል። እኔም በዚያ ቀን ችሎት ልቀመጥ ብዬ አልወሰንኩም። ወረድኩ።

አወራረዱ ቅደም ተከተል አለው። በሌላ ስብከት ውስጥ ማሃካቻና የተባለ ደቀ መዝሙር ቡድሃ በአጭሩ የተናገረውን አፍታትቶ ያስረዳል። ዓይን አለ፣ የሚታይ ነገር አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማየት ይነሳል። የሦስቱ መገናኘት ንክኪ ይባላል። ንክኪ ካለ ስሜት ይኖራል፤ በፓሊ «ቬዳና»። እዚህ ላይ ስሜት ሲባል ሐዘን ወይም ቅናት ማለት አይደለም። ከዚያ በጣም ያነሰ፣ በጣም ጥሬ ነገር ነው። ደስ የሚል፣ ደስ የማይል፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ። ሦስት ብቻ። በጨለማ የሆነ ነገር እግራችንን ሲነካን፣ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እግራችንን የምንሰበስባት ቅጽበት ውስጥ ያለው ዓይነት።

ከዚያ የተሰማንን ነገር ለይተን ስም እንሰጠዋለን። ስም የሰጠነውን እናስበዋለን። ያሰብነውን እናባዛዋለን። ይህ የመጨረሻው ደረጃ በፓሊ «ፓፓንቻ» ይባላል፤ መንዛዛት፣ መስፋፋት እንደማለት። በየዕለቱ አነጋገራችን «ድራማ መሥራት» የምንለው ለእሱ በጣም ይቀርባል።

እኔን የሚገርመኝ የዚህ ስብከት ሰዋስው ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው የለበትም። ማየት ይነሳል፣ ንክኪ ይሆናል፣ ስሜት ይኖራል። ዝናብ እንደሚዘንበው ነው፤ ባለቤት የለውም። መሐል ላይ ድንገት ባለቤት ብቅ ይላል፦ የተሰማውን ይለያል፣ የለየውን ያስባል፣ ያሰበውን ያባዛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ተደራጊ ይሆናል። ያባዛው ነገር ተመልሶ ይወርረዋል፤ ያውም ያለፈውን፣ የሚመጣውንና አሁን ያለውን ሁሉ ይዞ። የስምንት ዓመቱ መዝገብ በአንዲት ሰማያዊ ምልክት ሰበብ እንዴት እንደተገለጠ አሁን ገባኝ።

መዝገቡ ግን ባዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይገለጥ ነበር? ልማድ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንላለን። የሕንድ መምህራንም ይህንኑ ምሳሌ በራሳቸው መንገድ ይጠቀሙበታል፤ ሲመሽ መንገድ ላይ የወደቀ ገመድ ለአላፊው እባብ ይመስለዋል። ሰውየው በእርግጥ ይዘላል። ልቡ በእርግጥ ይመታል። ላቡም ላብ ነው። የሌለው እባቡ ብቻ ነው። የአማርኛው ተረት የሚጨምረው ነገር ቢኖር «ያየ» የምትለዋን ቃል ነው። ከዚህ በፊት እባብ ያላየ ሰው ልጡን ተራምዶ ያልፋል። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ልጥ፣ ሁለት የተለያየ ምሽት።

ይህ ዝግጁነት በፓሊ «አኑሳያ» ይባላል። በውስጥ የተኛ ዝንባሌ ማለት ነው። ሰባት ናቸው ተብለው ይቆጠራሉ፤ ከእነሱ ውስጥ የሥጋ ምኞት፣ ጥላቻ፣ ጥርጣሬ፣ ትዕቢትና አለማወቅ አሉ። ደስ የሚል ስሜት ምኞትን ይቀሰቅሳል። ደስ የማይለው ጥላቻን። ከሁለቱም ያልሆነው ደግሞ አለማወቅን፤ ልብ ሳንለው ስለሚያልፍ። የቀናችን አብዛኛው ክፍል ይሄ ሦስተኛው ይመስለኛል። መደገፊያው ላይ ያረፈ ጀርባ፣ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ። አእምሮ እዚህ ይሰለችና ድራማ ፍለጋ ይወጣል።

ዝንባሌ እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት ከምሳሌዎቹ ሁሉ የምወደው የአናጢውን ነው። አናጢ የምሳሩን እጀታ ሲያይ የጣቶቹን ምልክት ያያል። የአውራ ጣቱንም ያያል። ግን «ዛሬ ይህን ያህል ተበላ፣ ትናንት ይህን ያህል» ብሎ አያውቅም። መበላቱን የሚያውቀው ተበልቶ ሲያየው ነው። ቡድሃ ይህን የተናገረው ስለ በጎው ለውጥ ነው፤ ተግቶ የሚለማመድ ሰው ክፉው ነገር ዛሬ ምን ያህል እንደቀነሰለት መለካት አይችልም፣ ይቀንሳል ግን ለማለት። እዚያው ስብከት ላይ ስለ ዶሮም ያነሳል። ዶሮ እንቁላሏን በደንብ ከታቀፈች፣ ጫጩት ይውጣልኝ ብላ ብትመኝም ባትመኝም ጫጩቶቹ ይወጣሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ሰው ይህን ቢሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የእጀታው ምሳሌ ግን በሌላም በኩል ይሠራል ብዬ አምናለሁ። «ሰው ሁሉ ይንቀኛል» የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ብቻ ቢታሰብ ምንም አይደለም። በየቀኑ አንዴ፣ ለአሥር ዓመት ቢታሰብስ? አንድም ቀን «ዛሬ ተቀየርኩ» አንልም። አንድ ቀን ግን እጃችን ራሱ ወደዚያ ጉድጓድ ይገባል፤ ጣታችን የቆፈረው ስለሆነ ልክክ ይልለታል። ይሄ ልክክ ማለቱ ነው የሚያሳስተው። ስለለመድነው ይመቸናል፤ ስለተመቸን እውነት ይመስለናል።

ካርማ የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሰፈር ወሬ ካርማ ማለት «የዘራኸውን ታጭዳለህ፤ ቆይ ብቻ!» ነው። ቡድሃ ግን ካርማ ስል ሐሳብን፣ ማለትም ሆን ብሎ ማድረግን ማለቴ ነው ብሏል። ሰው አስቦ ነው በአካል፣ በቃልና በልብ የሚያደርገው። እንግዲህ ቅጣትም ሽልማትም ሳይመጣ በፊት የመጀመሪያው ፍሬ ቅርብ ነው። አንዴ የተቆጣ ሰው ሁለተኛው ቁጣ ይቀለዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ልማድ ከሐሳብ አልፎ ምላስ ላይ ሊቀር እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ፒሊንዳቫቻ የሚባል መነኩሴ ነበር። ያገኘውን መነኩሴ ሁሉ «ቫሳላ» እያለ ይጠራዋል። «ወራዳ» እንደማለት ያለ የንቀት ቃል ነው። መነኮሳቱ ከፋቸውና ለቡድሃ ነገሩት። ቡድሃ አስጠራውና ጠየቀው። «እውነት ነው» አለ ፒሊንዳቫቻ። ቡድሃም ለሌሎቹ ነገራቸው፤ በእሱ አትቀየሙ፣ በውስጡ ጥላቻ ኖሮ አይደለም። ሳያቋርጥ 500 ጊዜ በብራህማን፣ ማለትም ራሱን ከሌላው በላይ በሚያይ የካህናት መደብ ቤት ተወልዷል፤ ቃሉ ከዚያ የቀረበት ልማድ ነው።

ዳግም መወለድን የማይቀበል አንባቢ 500ውን ትውልድ ትቶ ቀሪውን ሊወስድ ይችላል። ቀሪውም ትንሽ አይደለም። ሰውየው የነጻ ነው። ጥላቻው ከሥሩ ተነቅሏል። አፉ ግን አሁንም በድሮው መንገድ ይሄዳል። ይህ ቅሪት «ቫሳና» ይባላል። የኋላ ሊቃውንት፣ ቫሳናን ጨርሶ የነቀለ ቡድሃ ብቻ ነው፣ ሌሎች ቅዱሳን ላይ ሳይቀር ይቆያል ብለው ጻፉ። ይህ ለኔ የሚያጽናና ነገር ነው። አንድ ቃል ስላመለጠኝ ብቻ ምንም አልተለወጥኩም ማለት አይደለም።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ አሳንጋና ቫሱባንዱ የተባሉ ወንድማማቾች ይህን «ቫሳና» የሚለውን ቃል ይዘው ሩቅ ሄዱ። የመጡት ከጋንዳራ፣ ከዛሬዋ ፔሻዋር አካባቢ ነው። ዮጋቻራ የሚባለውን የቡድሂዝም ፍልስፍና የመሠረቱት እነሱ ናቸው። ያስጨነቃቸው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ሰው ሳይናደድ ሲቀር፣ ለምሳሌ ተኝቶ ሳለ፣ የመናደድ ልማዱ የት ይቀመጣል? ጠፍቶ ነው እንዳይባል ነገ ይመለሳል። አለ እንዳይባል አሁን አይታይም።

መልሳቸው ከሚታወቀው ንቃት በታች ሌላ የንቃት ንብርብር አለ የሚል ነው። ስሙ «አላያ» ነው፤ ማከማቻ። እያንዳንዱ ሐሳብና ድርጊት እዚያ ዘር ይጥላል። ሁኔታው ሲገጥም ዘሩ ይበቅላል፤ የበቀለውም ተመልሶ ዘር ይጥላል። ሌላው ምሳሌያቸው የሰሊጥና የአበባ ነው። ሰሊጥ ከአበባ ጋር አብሮ ከከረመ ሽታው ይሰርጽበታል። አበባው ደርቆ ከተጣለ በኋላም ዘይቱ ያው የአበባ ሽታ አለው። ቫሳና የሚለው ቃል ራሱ በመዓዛ መታጠንን ያስታውሳል። ማከማቻ ሲባል ግን ቁልፍ ያለው መጋዘን እንዳይመስለን። ቫሱባንዱ ራሱ በ30 ስንኝ በጻፈው ሥራው እንደ ወንዝ ጎርፍ የሚፈስ ነው ይለዋል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ከባድ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። የምናየው በልማዳችን የተቀረጸ ከሆነ፣ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር እንዴት ያያል? ቫሱባንዱ ረሃብተኛ መናፍስትን ይጠቅሳል። በሕንድ እምነት እነዚህ ፍጥረታት ወንዝ ዳር ሲቆሙ ሁሉም በአንድነት የሚያዩት መግል ነው፤ ልማዳቸው የጋራ ስለሆነ። መናፍስቱን እንተዋቸው። ነጥቡ ግን ስለታም ነው። አብረውን ያሉት ሁሉ በሐሳባችን ተስማሙ ማለት በትክክል አይተናል ማለት አይደለም። አብረን ለምደነው ሊሆን ይችላል። እርስ በርሱ ብቻ የሚያወራ ቡድን ስለ ሌላው ቡድን የሚያየው ነገር እንዲህ ያለ ወንዝ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት ይዞ «ሁሉም ነገር በአእምሮህ ነው፣ ጥሩ ጥሩውን አስብ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄ ቡድሂዝም አይደለም። ለታመመ ወይም ለተበደለ ሰው ሲነገር ደግሞ ጭካኔ ነው። ሲቫካ የተባለ ሰው ቡድሃን «የሚሰማን ሁሉ ካለፈው ሥራችን የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ቡድሃ አልተቀበለውም። ስምንት ምክንያት ዘረዘረ። በዘመኑ ሕክምና መሠረት ሐሞት፣ አክታ፣ ነፋስና የሦስቱ መዛባት አሉ። የአየር ጠባይ አለ፣ ያለ ጥንቃቄ መኖር አለ፣ በሌላ ሰው መመታት አለ። ካርማ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው።

የሁለቱ ፍላጻ ምሳሌም ይህንኑ ነው የሚለው። ሰው በፍላጻ ይወጋል፤ ያማል። ወዲያው ሁለተኛ ፍላጻ ይወጋዋል፤ ማዘኑ፣ ማማረሩ፣ ደረቱን መምታቱ። የተማረ ሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚሰማው። የመጀመሪያው የለም አልተባለም፤ አለ፣ ያማልም። ልማድ የሚወረውረው ሁለተኛውን ነው። የኔ መልእክት ጉዳይ አስቂኝ የሆነው የመጀመሪያው ፍላጻ ጭራሽ ሳይኖር ሁለተኛውን ራሴው ደጋግሜ ስለወረወርኩ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለሚያስቸግር ሐሳብ አምስት መንገድ የሚሰጥ ስብከት አለ። አናጢ ቀጭን ሽብልቅ ይዞ ወፍራሙን መትቶ እንደሚያስወጣ በሌላ ሐሳብ መተካት። ጉዳቱን ማየት። ዓይንን ዘወር እንደማድረግ ልብ አለማለት። አራተኛው ላይ እመለሳለሁ። አምስተኛው ጥርስን ነክሶ፣ ምላስን ከላንቃ አጣብቆ፣ ጉልበተኛ ደካማውን እንደሚደፍቀው ሐሳቡን መደፍጠጥ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ግን ከእሱ ነው። «አታስብ! አታስብ!» እንላለን፤ እሱም ሌላ ሐሳብ ነው።

አራተኛው እንዲህ ነው። አንድ ሰው በፍጥነት እየሄደ «ለምንድነው የምፈጥነው? ቀስ ብልስ?» ይላል። ቀስ ይላል። «ለምን እሄዳለሁ? ብቆምስ?» ይቆማል። «ብቀመጥስ?» ይቀመጣል። «ብተኛስ?» ይተኛል። ከሐሳቡ ጋር ግብግብ የለም። ከጀርባው ያለው ግፊት እየላላ ይሄዳል። በኔ ጉዳይ ብንተረጉመው፣ «ሰው እንዲህ ነው» ከሚለው ፍርድ ወደ «እሱ ሆን ብሎ ነው» መመለስ፣ ከዚያ ወደ «መልስ አልመጣም»፣ ከዚያ ወደ ደረት ላይ ያለው ሙቀት። ሙቀቱ ቬዳና ነው። ደስ አይልም፤ ግን ሙቀት ብቻ ነው። ጓደኛዬ እዚያ ውስጥ የለም።

ቡድሃ ሐሳቦቹን በሁለት ወገን የከፈለበት ቦታ ላይ እረኛም አለ። አዝመራው ማሳ ላይ ሳለ እረኛው ዱላ ይዞ ከብቶቹን እየመታ ይመልሳል፤ ሰብል ካስበሉ እስርና ቅጣት እንዳለበት ያውቃላ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ሥራው «ከብቶቹ እዚያ አሉ» ብሎ ማወቅ ብቻ ነው። ዱላው ለክፉው ሐሳብ ነው፤ ዛፉ ሥር መቀመጡ ለበጎው። ስለ በጎው ሐሳብ ሌላም ነገር ይጨምራል። ሌሊቱን ቀኑን ባስበው አልፈራውም፤ ግን ብዙ ማሰብ ሰውነትን ያደክማል ይላል። ስለዚህ አእምሮውን ወደ ውስጥ ያረጋጋው ነበር። ከሰማኋቸው የሃይማኖት መምህራን «ጥሩ ሐሳብም ሲበዛ ያደክማል» ያለ ሌላ ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ሳምንት ያው ጓደኛዬ መልእክቴን አየና ዝም አለ። ደረቴ ሞቀ። «ድሮስ መቼ...» ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ራሴን ያዝኩት። ሙቀቱን ትንሽ አየሁት፤ ወደ ግራ ያደላል፣ ሲተነፍሱ ይቀንሳል። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሼ ገለበጥኩት።